በዱቄቱ ላይ ያለፈችው

አይላ ከደረጃው ሥር ተንበርክካ የእጅ ባትሪዋን ወለሉ ላይ ዝቅ አድርጋ አበራች። ትናንት ከእራት በኋላ በምድር ቤቱ መተላለፊያ ላይ በወንፊት የነሰነሰችው ዱቄት እንደ ስስ ውርጭ ተኝቷል። መሀል ለመሀል ግን አንድ ነገር አልፎበታል። ጣት የሚያህል ስፋት ያለው መስመር ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሥር ይነሳና አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይሄዳል።

እየዳኸች ተከተለችው። የቀለም ቆርቆሮዎቹን አልፏል። የአባቷን የበረዶ ቦት ጫማዎች፣ ያሸተታቸው ይመስል፣ አንድ ጊዜ ዞሯቸዋል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄዶ በሳውናው፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ክፍል፣ በር ሥር ባለው ክፍተት ገብቷል። የተመለሰበት ምልክት የትም የለም።

በሩን ከፈተች። ሳውናው እንደ ሁልጊዜው የበርች እንጨትና የረጠበ ድንጋይ ይሸታል። ሳምንቱን ሙሉ ሳይነድ የከረመው ምድጃ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ድንጋዮቹ ከበላዩ ተከምረዋል። ሦስቱ የእንጨት አግዳሚዎች ደረጃ በደረጃ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ። ከታችኛው አግዳሚ ሥር ያለውን ጨለማ ግን የባትሪው ብርሃን እስከ ዳር አልደረሰበትም።

«ፖርካና» አለች በሹክሹክታ። እባብ በስሟ ተጠርታ እንደማትመጣ ታውቃለች፤ ዝም ማለቱ ግን የባሰ ሆነባት።

ከግድግዳው ጣውላ ጀርባ የሆነ ነገር ተጎተተ። ደረቅ ወረቀት በቀስታ ሲሳብ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ባትሪዋን ወደዚያ ስታዞር ቆመ። አይላ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች። ከጣውላው ወዲያ ያለውም ነገር እሷን እየጠበቀ መሰላትና ጀርባዋን ቀዘቀዛት።

«አይላ፣ በዚህ ጠዋት እዚያ ታች ምን ትሠሪያለሽ?» የእናቷ ድምፅ ከላይ መጣ።

«ካልሲ እየፈለግኩ ነው፣ እማዬ።»

ዱቄቱን በሹራቧ እጅጌ ጠራርጋ ወጣች። ዓርብ ነበር፤ ፖርካና ከጠፋች ሁለተኛ ቀኗን ይዛለች።

ፖርካና በአባቷ ዘመዶች ቋንቋ ካሮት ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት የአባቷ አጎት ጋሼ ኤይኖ ናቸው፤ ቀለሟን አይተው ሌላ ስም ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ርዝመቷ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። መርዝ የላትም፣ ነክሳም አታውቅም። አይላ እሷን ለማግኘት አባቷን ሁለት ዓመት ለምናለች። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር አቶ ፔልቲየር፣ በገዛ ቤታቸው አስራ አንድ እባብ የሚያሳድጉ ሰው፣ አንዷን ሰጧት። አባቷ ራይሞ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነው። ነገር አያበዛም፤ ያለውንም አይደግምም። ያን ቀን ግን ጣቱን አንስቶ እንዲህ አላት፦

«ከሳጥኗ አንድ ቀን ብትወጣ፣ በተገኘችበት ቀን ወደ ፔልቲየር ትመለሳለች። ልመና የለም፣ ለቅሶ የለም።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«እናትሽን አስቢ።»

እናቷ ሌና እባብ በሥዕል እንኳ ስታይ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ፖርካና ከገባች ጀምሮ የአይላን ክፍል ደፍ ረግጣ አታውቅም። የታጠበውን ልብስ አጣጥፋ በሩ ላይ ታስቀምጥና ሁለቴ አንኳኩታ ትሄዳለች። ለምን እሺ እንዳለች ለአይላ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ሁለት ወር ሙሉ አይላ ከትምህርቷ ይልቅ ለእባቧ ተጠንቅቃለች ቢባል ሐሰት አይሆንም። በሳምንት አንድ ቀን ከማቀዝቀዣ የወጣችውን አይጥ በለብታ ውሃ አሙቃ በረጅም መቆንጠጫ ታቀርብላታለች። ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አትነካትም። እጇ አይጥ እንዳይሸት ሁለቴ በሳሙና ትታጠባለች። የሳጥኑ አንዱ ጎን እንዲሞቅ፣ ሌላው እንዲቀዘቅዝ ቴርሞሜትሩን ጠዋትና ማታ ታያለች። እንዲህ ተጠንቅቃ፣ እንዲህ ተጠብባ፣ ረቡዕ ዕለት በአንድ ደቂቃ ችኮላ ሁሉንም አበላሸችው።

ረቡዕ ጓደኛዋ ዳርሲ ፖርካናን ልታይ መጣች። የእባቧ ዓይኖች ወተት እንደ ጠብ ያለበት ውሃ ደፍርሰዋል፤ ቆዳዋን ልትጥል ስትል እንደዚያ ትሆናለች። ዳርሲ «የሞተ ሰው ዓይን ይመስላል» እያለች በስልኳ ትቀርጻለች። ውጭ የዳርሲ እናት መኪና ክላክስ ነፋ። አይላ ክዳኑን መለሰችና አንዱን መቆለፊያ ገፋች፤ ሁለተኛውን «ተመልሼ» ብላ ተወችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በማግስቱ ጠዋት የክዳኑ ጥግ በጣት ስፋት ተነስቶ ነበር፤ መብራቱ ባዶ አሸዋ ላይ ያበራል።

ያን ዕለት በሳጥኑ ላይ ትልቅ ፎጣ ጣለችበት።

«ምነው ሸፈንሻት?» አላት አባቷ በሩ ላይ ቆሞ።

«ቆዳዋን ልትጥል ነው። ዓይኗ ደፍርሷል። ሰው ሲያያት ትጨነቃለች።»

«እሺ፣ ተያት እንግዲህ» ብሎ እንዳይረብሻት እግሩን እያለዘበ ሄደ። ከተናገረችው ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም፤ ከፎጣው ሥር ማንም አለመኖሩን ብቻ ነው ያልነገረችው። አባቷ በቀስታ ሲራመድ ስትሰማ ግን አንገቷ ድረስ ጋላት።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ዳርሲ ሳንድዊቿን እያላመጠች መፍትሔ ትደረድራለች።

«በቃ ዝም በይ። እግር የላት፣ የት ትሄዳለች?»

«እግር ስለሌላት እኮ ነው የትም የምትገባው።»

«ካልሆነ ሌላ ተመሳሳይ እንፈልግ። አባትሽ እባብ ከእባብ ይለያል እንዴ?»

«ዳርሲ፣ አትፎግሪኝ። ያለችው ሳውና ውስጥ ነው። ግድግዳው ውስጥ።»

«ታዲያ አሪፍ አይደል? ቦታዋን አወቅሽ።»

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለች አይላ።

ዳርሲ ማላመጧን አቆመች። በዚያ ሰፈር ቅዳሜ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ከየቤቱ ጢስ ይወጣል፤ ምድጃዎቹ ይቀጣጠላሉ፤ የላይኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው እስኪቃጠል ይሞቃል። ሰው ሙቀቱ ሲበዛበት ወጥቶ በረዶ ላይ ይንከባለላል። በጣውላና በጡብ መሀል የተጠቀለለች እባብ ግን መውጫው የት እንደሆነ ሳታውቅ ትቀራለች።

«ንገሪያቸዋ» አለች ዳርሲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከነገርኳቸው ትሄዳለች። ዛሬ ካገኘኋት ግን ማንም ምንም ሳያውቅ ያልፋል።»

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ የሳውናውን ወለል በሆዷ ተኝታ ፈተሸች። እጇን ከአግዳሚው ሥር እስከ ትከሻዋ አስገባች። የነካችው ቀዝቃዛ ሲሚንቶና የወደቀ የበርች ቅጠል ብቻ ነው። እጇን ስታወጣ ከላይ፣ ከጣሪያው አጠገብ፣ ያ የመጎተት ድምፅ ተሰማት። ወዲያው ደግሞ ከታች፣ ከእግሯ አጠገብ ተሰማት። አንዲት እባብ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አትሆንም። ተነስታ ወጣችና በሩን ዘጋች፤ ለምን ቶሎ እንደዘጋችው ራሷም አላወቀችም።

እራት ላይ ጋሼ ኤይኖ መጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት በአጥሩ ማዶ ነው፤ ያን ሳውና በወጣትነታቸው በእጃቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«ፍልጥ ልደረድር ወርጄ ነበር» አሉ ድንቻቸውን እየላጡ። «ሳውናው ውስጥ ሰው አለ።»

አባቷ ፈገግ አለ። «ማን ይሆን ደግሞ?»

«ሰው አልኩ እንጂ ሰውስ አይደለም። ቆሌው ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ ነበር፤ አሁን ከጣውላው ኋላ ይንቀሳቀሳል።»

ጋሼ ኤይኖ ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሁሉ ኋላ ሲወጡ አንድ ጭልፋ ውሃ ድንጋዩ ላይ አፍስሰው፣ እንፋሎቱን ለሳውናው ቆሌ ትተው፣ በሩን በቀስታ ይዘጋሉ። በዚህ የሚስቅባቸው የለም፤ የሚያምናቸውም ያለ አይመስልም።

«የእናቴ ወላጆች ቤት» ቀጠሉ «ከደፉ ሥር እባብ ይኖር ነበር። የቤት እባብ። ጠዋት ጠዋት ወተት በሳህን ይቀመጥለታል። ልጆቹ አጠገቡ ይጫወታሉ። አንድ የሣር ማጨድ ወቅት አዲስ ቅጥር ሠራተኛ መጣና ሳያውቅ በማጭድ መታው። ማንም አልተቆጣውም፤ ምን ያውቃል። ግን ከዚያ ክረምት በኋላ እዚያ ቤት የሳቀ ሰው የለም ትላለች እናቴ። ላሞቹም፣ ሕፃናቱም…»

«ጋሼ፣ ምግብ ላይ ስለ እባብ ባናወራስ» አለች ሌና። ሹካዋን አስቀምጣለች። ቀጥላ ግን ወደ አይላ ዞረች። «ያንቺዋ ደህና ናት?»

እናቷ ስለ ፖርካና ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። አይላ አፏን ስትከፍት እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ደህና ናት» አለች። «ተኝታለች።»

እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ጥቂትም ደስ ያላት ትመስላለች። አይላ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ፈለገች፣ አላገኘችም። ከሰዓት በፊት በበረዶ ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትተው የከርሊንግ ቡድኗ ግጥሚያ ነበረበት፤ አራት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ መቅረት አይቻልም። ጋሼ ኤይኖ ምድጃውን የሚያቀጣጥሉት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እሷ ስምንት ሰዓት ትመለሳለች። አንድ ሰዓት ይተርፈኛል ብላ አስባ ሄደች። በበረዶው ላይ ድንጋዩን ስታንሸራትት ሁለቴ ሳተች፤ ለምን እንደሳተች የጠየቃት ግን የለም።

ወደ ቤት የምትታጠፍበት ጥግ ስትደርስ ጢሱን አየች። ከቤታቸው ጭስ ማውጫ ነጭ ሆኖ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ብርዱ ከመክበዱ የተነሳ ንፋስ እንኳ አላነቃነቀውም። ጋሼ ኤይኖ ብርዱን አይተው ቀደም ብለው አቀጣጥለዋል። ቦርሳዋን መንገዱ ላይ ጥላ ሮጠች።

ምድር ቤቱ ሞቋል። ምድጃው ውስጥ ፍልጡ ይንጣጣል። ጋሼ ኤይኖ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እሳቱን ያያሉ። እናቷ ካፖርት የመሰለ የፎጣ ልብሷን ለብሳ፣ ባዶ እግሯን፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሳለች። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት፤ ገና ለብ ሲል ደስ ይላታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሳውና ይቅርብን» አለች አይላ።

«ምን?»

«ይቅርብን። እባክዎ እሳቱን ያጥፉት።»

«ልጄ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቀርቶብን አያውቅም። አሞሻል እንዴ?»

አሞኛል ማለት ትችል ነበር። ግን ለታመመ ሰው የእሳቸው መድኃኒት ያው ሳውናው ነው። እናቷ ሦስተኛውን ደረጃ ወረደች፤ የእግሮቿ ጣቶች በብርዱ ቀልተዋል። አይላ እነዚያን ጣቶች እያየች ተናገረች።

«ፖርካና ግድግዳው ውስጥ ናት። ከረቡዕ ጀምሮ። ክዳኑን በደንብ አልዘጋሁትም። ከፎጣው ሥር ምንም የለም።»

 እናቷ ዞራ፣ ግድግዳውን ሳትነካ፣ ደረጃውን ወጣች። እናቷ ብትጮህባት ለአይላ ይሻላት ነበር።

አባቷ ወረደ። ጋሼ ኤይኖ በሁለት ቃል ነገሩት። ራይሞ የሚነደውን ፍልጥ አንድ በአንድ በመቆንጠጫ እያወጣ በብረት ባልዲ ወደ በረዶው ወሰደ። ከዚያ መፍቻ አምጥቶ የታችኛውን አግዳሚ ብሎኖች መፍታት ጀመረ። አይላ ባትሪውን ያዘችለት። የመጀመሪያው ጣውላ ሲነሳ ሁለቱም ባሉበት ቀሩ።

በጣውላውና በግድግዳው መሀል ፖርካና ተንጠልጥላለች። ግን ፖርካና አይደለችም። ቀለም የለውም፣ ክብደት የለውም፤ ገና ካልቀዘቀዘው ምድጃ በሚወጣው ሙቀት ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ራሱ ወደ እነሱ ዞሯል። ሁለቱ ዓይኖች በቦታቸው አሉ፤ ጥርት ብለዋል፣ ውስጣቸው ባዶ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አባቷ። ድምፁ እንደዚያ ሆኖ ሰምታው አታውቅም።

«ቆዳዋ ነው። ሲወልቅ ዓይኑም አብሮ ይወልቃል።»

«ይሄ ሁሉ? ከእሷ አይበልጥም እንዴ?»

«ሁልጊዜ ይረዝማል። ሲወልቅ ይለጠጣል።»

በሁለት እጇ አወረደችው። እስከ ጫፉ ዘረጋችው። ከራሱ ጀምሮ ምንም አልጎደለውም፤ የጅራቱ ጫፍ ግን የአንድ ጣት አንጓ ያህል የለም። ያቺ ቁራጭ እባቧ ላይ ቀርታለች ማለት ነው። አቶ ፔልቲየር አስጠንቅቀዋት ነበር፤ በክረምት የቤት አየር ይደርቃል፣ የቀረው ቆዳ እንደ ክር ይጠብቃል፣ ከሰነበተ ጅራቱ ይጠቁርና ይሞታል።

አባቷ ሌላውን ጣውላ ፈታ። እባቧ የለችም። የጡቡ መገጣጠሚያ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ ወዲያ ጨለማ ነው። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሦስት ቀን» አለ። «እንዳልረብሻት ብዬ በእግሬ ጣት ሄጃለሁ፣ አይላ።»

መፍቻውን እንደገና አነሳ።  «ስትገኝ፣ ያልኩሽ ነው» ብሎ ወጣ።

አቶ ፔልቲየር በስልክ የመከሯት አጭር ነበር። «መብራት አንጠልጥዪ፣ ከሥሩ እርጥብ ነገር፣ ሣርም ይሁን ጨርቅ፣ በሳጥን አስቀምጪ። ከዚያ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። የምታሯሩጫት ከሆነ ወደ ባሰ ጉድጓድ ነው የምትገባው።»

እሑድ ተቀመጠች። ሰኞም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። በቀዘቀዘ ሳውና ውስጥ፣ በመብራቱ ቀይ ብርሃን፣ ጆሮዋ ብቻ ነበር የሚሠራው። አንዳንዴ ድምፁ ከጀርባዋ ይመጣል፤ አንዳንዴ ከጭስ ማውጫው። አንድ ጊዜ በአንገቷ ላይ ትንፋሽ የመሰለ ነገር አልፎባት ዘወር ስትል ማንም የለም። የጋሼ ኤይኖን ቆሌ አስታወሰች። ቢኖርስ ብላ የማታምነውን ነገር «ይቅርታ» አለችው።

ቤቱ ሁሉ ተለውጧል። እናቷ ልብስ ልታጥብ አትወርድም፤ ቦት ጫማ አድርጋ ነው ኩሽና ውስጥ የምትሠራው። ጋሼ ኤይኖ ቅዳሜ ስለቀረባቸው ወገባቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰኞ ዕለት ሊጠይቋት ወርደው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተያት» አሉ። «ከቤቱ ጋር ትኑር። ድሮ እንዲያ ነበር።»

«ትራባለች፣ ጋሼ።»

«ወተት አስቀምጪላት።»

«እባብ ወተት አትጠጣም።»

ጋሼ ኤይኖ ብዙ አሰቡ። «እንግዲያ ያን ወተት ማን ይጠጣው ነበር?» ብለው ደረጃውን ወጡ። አይላ ያን ቀን ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም።

ማክሰኞ፣ አስር ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የታችኛው አግዳሚ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እንደተቀመጠች የሆነ ነገር ቁርጭምጭሚቷን ነካት። አልጮኸችም። አንገቷን ብቻ ዝቅ አደረገች። ብርቱካንማ፣ አዲስ ቆዳዋ የሚያብለጨልጭ፣ ከስታ ጎኗ የገባ እባብ በካልሲዋ ላይ ወደ ሙቀቷ እየወጣች ነው። ምላሷ ሁለቴ ወጣ ገባ አለ። የጅራቷ ጫፍ በደረቀው ቆዳ ታንቆ ግራጫ ሆኗል፤ ገና ግን አልጠቆረም።

አይላ እጇን አስቀደመችላት። ፖርካና በአንጓዋ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥማ ጠበቅ አለች፤ ቀዝቅዛለች፣ እንደ ብረት። የአይላ እንባ ሳታስበው ወረደ።

በተከፈተው በር በኩል ከደረጃው የቦት ጫማ ድምፅ ተሰማ። እናቷ ደረጃው ግማሽ ላይ ቆማለች፤ እጇ የመደገፊያውን ብረት ጨብጦ ነጥቷል። ዓይኗ አይላ ፊት ላይ እንጂ እጇ ላይ አይደለም።

«ስታለቅሺ ሰማሁ» አለች። «ተገኘች?»

«ተገኘች።»

«ታማለች?»

«ጅራቷ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለበት። ሰፋ ያለ ሳህን… ግን እኔ እሷን ይዤ ወጥቼ…»

እናቷ ወጣች። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ከዚያ ጫማዋ አንድ ደረጃ ወረደ፣ ቆመ፤ ሌላ ወረደ፣ ቆመ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ሌና ግን የፈራችው ዘንድ ራሷ እየሄደች ነበር። የሳውናው በር ላይ ስትደርስ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ ሳህኑን ወለሉ ላይ አድርጋ በጫማዋ ጫፍ ገፋችው።

«አመሰግናለሁ፣ እማዬ።»

እናቷ አልሄደችም። ወደ ደረጃው አፈግፍጋ ግድግዳውን እያየች ቆመች።

«አባትሽ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ምንም አላየሁም፣ አይላ። ወርጄ ውሃ አልሰጠሁም። ሳጥኗ ክፍልሽ ውስጥ አለ። ከዚያ ወጥታ አታውቅም ማለት ባይቻልም… መቼ እንደተገኘች ማንም አይጠይቅም። አባትሽ እስኪለዝብ ድረስ ለሱ እንደጠፋች ትቆያለች።»

አይላ የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። እባብን በሥዕል የማታይ እናቷ ለእባቧ ልትዋሽላት ነው። ሁሉ ነገር እዚያው ነበር፦ ሳጥኑ፣ መብራቱ፣ ፎጣው። ጅራቱን በውሃው ውስጥ ይዛ በአውራ ጣቷ በቀስታ አሸችው። ግራጫው ቆዳ እንደ ትንሽ ቆብ ወልቆ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ከሥሩ ሮዝ የሆነ፣ ያልሞተ ጅራት ወጣ። ፖርካና አሁን ሙቀቷ እየተመለሰ ክንዷ ላይ ተንቀሳቀሰች።

እናቷ ሁለቴ አንኳኩታ በሩ ላይ የምትተወው የተጣጠፈ ልብስ ታሰባት። አይላ እሺ ካለች፣ ከዚህ በኋላ እናቷ፣ አባቷ ሳህን ሲያነሳ፣ ጋሼ ኤይኖ ምድጃ ሲያቀጣጥሉ፣ በልቧ እባብ ደብቃ ትቀመጣለች።

«ስልክሽን አውሺኝ፣ እማዬ» አለች።

«ለምን?»

«አባዬ ሳይመጣ ለአቶ ፔልቲየር ራሴ ልደውል።»

እናቷ ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው፤ አይላ በነጻ እጇ አነሳችው። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«ሃሎ» አሉ አቶ ፔልቲየር። ከኋላቸው የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል።

«አይላ ነኝ። አገኘኋት። ጅራቷ ደህና ነው፣ ቆዳው አሁን ወለቀ። ከስታለች፤ ዛሬ እንዳትመገብ፣ መጀመሪያ ውሃ ትጠጣ። ሲይዟት ከላይ አይምጡባት፣ ትደነግጣለች፤ ከጎን ነው የምትወደው። ዛሬ መምጣት ይችላሉ?»

«ልጆቹን አድርሼ እመጣለሁ» አሉ። «አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል።»

«እሺ» አለች አይላ። «እጠብቅዎታለሁ።»

ስልኩን መለሰች። እናቷ ተቀብላ ወደ ላይ ትወጣለች ብላ ነበር። ሌና ግን ከታች ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ ቁጭ አለች።